የሞተር ማንኳኳት አመረማመር



የናፍጣ ሞተር «ያንኳኳል» ሲባል ብዙዎቻችን ረጅም ካቻቪቴ ጆሯችን ላይ ደግፈን ስፍራውን እንፈልጋለን። ዘዴው የሚናቅ አይደለም፤ ዳሩ ግን ብረት ድምፅን አርቆ ስለሚያደርስ ያሳስታል። ይልቁንም ምቱን ከሞተሩ ዙር ጋር ማነጻጸር ይበጃል። በአራት ምት ሞተር ካምሻፍቱ በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር፣ ሞተሩ በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር ክፍተቱ የሰፋ አንድ ቫልቭ የሚመታው 300 ጊዜ ነው፤ ድምፁም ቀጭን ነው። ቢዬላው ክራንክሻፍቱን የሚጨብጥበት መቀመጫ ሲበላ ግን ድምፁ ወፍራም ይሆናል፤ ጭነት ሲጨመርበትም ይብሳል።

ሲሊንደሩን ለመለየት፣ መካኒካዊ ፓምፕ ባላቸው ሞተሮች የኢንጄክተር ቧንቧዎችን ማሰሪያ ተራ በተራ ማላላት የቆየ ልማድ ነው፤ አንዱ ሲላላ ማንኳኳቱ ከቀነሰ ጥፋቱ እዚያ ነው። ይህን ልማድ ወደ ኮመን ሬይል ሞተር ይዞ መሄድ ግን ለሕይወት ያሰጋል። ግፊቱ ከ1000 ባር ሊያልፍ ስለሚችል የሚፈነጠቀው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ነቁጥ ቢመስልም አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። በእነዚህ ሞተሮች ኢንጄክተሩ የሚጠፋው በመመርመሪያው መሣሪያ ትእዛዝ ነው።

የቢዬላ ምት መሆኑ ከታወቀ፣ ባለንብረቱ «እስከ መናኸሪያ ብቻ» እያለ ቢለምንም ሞተሩ እዚያው ይጥፋ፤ የተሰበረ ቢዬላ ብሎኩን በስቶ ሊወጣ ይችላልና። ቀጥሎም የዘይት ቋቱ ተፈትቶ የብረት ብናኝ ይፈለግ።