ስፖኪዮ የማያሳየው ስፍራ



ባለፈው ክረምት በአጎቴ መኪና ከሀቢቾ ወደ ሆሳዕና ስንሄድ፥ አጎቴ ስፖኪዮውን አይቶ ወደ ቀኝ ሊጠመዝዝ ሲል፥ እኔ በመስኮት ጀሪካን ያዘለች ልጅ አየሁና ጮኽሁ። ልጅቱ ተረፈች። አጎቴም «ስፖኪዮው ውስጥ አልነበረችም እኮ!» አለ። እውነቱን ነው።

በአገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና የሚሄደው በቀኝ ነው፤ ሾፌሩም በግራ ስለሚቀመጥ የቀኙ ዳር ይበልጥ ይሸሸገዋል። ብዙ ሰው ደግሞ ስፖኪዮውን የሚያስተካክለው የራሱን መኪና ጎን እንዲያሳየው ነው፤ ነገር ግን የገዛ መኪናችን አይገጨንም። አሜሪካዊው ጆርጅ ፕላትዘር በ1995 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፥ ሾፌር ራሱን ወደ ግራው መስኮት አስጠግቶ የመኪናው ጎን በጭንቅ እስኪታይ የግራውን ስፖኪዮ ወደ ውጭ ይግፋ፤ ለቀኙም ወደ መካከል ዘንበል ብሎ እንዲሁ ያድርግ።

ይሁን እንጂ መስታወት ብቻውን አይበቃም፤ ከመጠምዘዝ በፊት አንገትን ማዞር ያስፈልጋል። እኛም እግረኞች የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላየን፥ እርሱም በስፖኪዮው እንደማያየን እንወቅ።

አጎቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አንገቱን ያዞራል። ነገ መንጃ ፈቃድ የምታወጡ ጓደኞቼ ግን፥ ጩኸት ሳትጠብቁ ዞር በሉ።