ስምና ሥራ፤ በሚና ጨዋታዎች ውስጥ ስለ ፍልሚያ፣ ስለ እውነታዊነትና ስለ ዘውግ አሰያየም



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለኮምፒዩተር ጨዋታዎች ስም የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገበያ ነውና፣ ስምና ሥራ ሳይገናኙ መቅረታቸው የተለመደ ነው። ለዚህም «የሚና ጨዋታ» የሚባለው ዘውግ ዋነኛ ምሳሌ ይሆናል። የሚና ጨዋታ ማለት ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ፣ በዚያ ሰው ችሎታና ጉድለት ተወስኖ የሚመርጥበት ጨዋታ ነው። ዛሬ ግን ጠላት በወደቀ ቁጥር ነጥብ የሚሰጥ ጨዋታ ሁሉ በዚህ ስም ሲጠራ ይታያል። እንግዲህ ዘውጉን ዘውግ ያሰኘው ፍልሚያው ነውን? ወይስ የፍልሚያው እውነት መምሰል?

ለመልሱ ከምንጩ መነሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በአሜሪካ ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተወለደው በጠረጴዛ ላይ ከሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነው። አዲስነቱም ሠራዊት ማዘዝን ትቶ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ መስጠቱ ነበር። ሰይፉ መምታቱን ወይም መሳቱን ዳይስ ይወስናል፤ የቀረውን የተጫዋቾቹ ምናብ ይሞላል። ሕጉን የሚቃወም ሥዕል በዓይን ፊት አልነበረም።

ክርክሩ የበረታው ሥዕሉ ሲሻሻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ሞሮዊንድ» ተጫዋቹ ሰይፉ በጠላት ገላ ላይ ሲያርፍ እያየ፣ ስሌቱ እንደሳተ ይቆጥርበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከተለው «ኦብሊቪየን» ያረፈውን ምት ሁሉ ተቀብሎ፣ የገጸ ባሕርዩን ችሎታ በጉዳቱ መጠን ገለጸው። ዓይንና ሕግ ታረቁ፤ የዕርቁ ዋጋ ግን የገጸ ባሕርዩ ችሎታ ለተጫዋቹ እጅ ቅልጥፍና ቦታ መልቀቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 የቼኩ ዋርሆርስ ያወጣው «ኪንግደም ካም፦ ዴሊቨራንስ» እውነታዊነትን ዓላማው አደረገ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1403 በቦሄሚያ ነው፤ አስማት የለም፤ ጥሩር የለበሰውን ባላጋራ ሰይፍ በቀላሉ አይጎዳውም። ይሁንና የቆሰለው ጀግና በመኝታ ይድናል። እውነታዊነት እንግዲህ ምርጫ ነው፤ ሁሉን የሚቀዳ ጨዋታ የለም። ከምርጫዎቹም ሁሉ የላቀው ከፍልሚያ ውጭ ያለ ነው፦ የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ማንበብ አያውቅም፤ ፊደል እስኪማር ድረስ መጽሐፍ በከፈተ ጊዜ ለተጫዋቹም የሚታየው የተዘበራረቀ ጽሑፍ ነው። የገጸ ባሕርዩ ጉድለት የተጫዋቹ ጉድለት የሆነው እዚህ ላይ ነው።

በተራ በተራ የሚደረግ ፍልሚያ «ጊዜው ያለፈበት» ነው የሚሉም አሉ። ነገር ግን በኢትዮጵያ ጥንታዊ ሰንጠረዥ፣ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን በተራ ይቀጥላሉ። ሁለቱ ስልቶች በአንድ ገበታ ላይ ተስማምተው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ታላቅ ዝና ያተረፈው «ባልደርስ ጌት 3» የሚዋጋው በተራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ዲስኮ ኢሊሲየም» ደግሞ የተለመደው ፍልሚያ ሳይኖረው፣ በንግግርና በሁለት ዳይሶች ብቻ ሚናን በጥልቀት አጫውቷል።

በሀገር መሰየምም ከዚህ አይሻልም። ናኦኪ ዮሺዳ እ.ኤ.አ. በ2023 «የጃፓን የሚና ጨዋታ» የሚለው መጠሪያ መጀመሪያ ሲሰማ ለአንዳንድ ጃፓናውያን ሠሪዎች የመገለል ስሜት ሰጥቶ እንደነበር ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ፈረንሳውያን በዚያው ስልት «ክሌር ኦብስኩር»ን ሠሩ። ስሙ የት እንደተሠራ ሲናገር፣ ምን እንደሚያጫውት አልነገረም።

የስም ጉዳይ ተራ ክርክር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በተሳሳተ ስም ገዢ ይታለላል፤ ከዚህም ይልቅ ሠሪው፣ ስሙ ይጠይቃል ብሎ፣ ታሪኩ የማይፈልገውን ሰይፍ ይመዝዛል። ስለዚህ አዲስ ጨዋታ ለመንደፍ የሚነሣ ባለሙያ ከፍልሚያው ስልት አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚወስነው የማን ችሎታ ነው? ገጸ ባሕርዩ የማይችለውን ተጫዋቹም እንዳይችለው ካደረገ፣ ሰይፍ ኖረም አልኖረም፣ ሥራው ስሙን አግኝቷል።