በካርታ ላይ ባዶ የሚመስል መሬት
ለድርቅ አደጋ መከላከልና ለሰፈራ ሥራ ባልደረቦች የተሰጠ ንግግር



በድርቅ የተጎዳ ሕዝብ ያለበትን ሥፍራ ለማወቅ ቀድሞ በእግርና በበቅሎ ብዙ ቀን መጓዝ ግድ ነበር። ዛሬ የአንድን ወረዳ ጣሪያ፣ የሣሩን ልምላሜና የወንዙን መጉደል በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ መመልከት ተችሏል። የመጀመሪያይቱ የላንድሳት ሳተላይት ወደ ሕዋ የተላከችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። ጂፒኤስ በሚባለው መሣሪያ ሲቪሎች የሚያገኙት ልኬት እስከ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2000 ድረስ ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለ ነበር እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር፤ ዛሬ ጂፒኤስ ያለው የእጅ ስልክ ከዚያ እጅግ የተሻለ ይለካል። ኢትዮጵያም የራስዋን የመሬት መቃኛ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አስወንጭፋለች።

ይህ ሁሉ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ከሰማይ የተነሣ ሥዕል የሚያሳየው የመሬቱን መልክ እንጂ የመሬቱን ባለቤትና ጥቅም አይደለም።

ለዚህ የአፋርን ምድር መመልከት ይበቃል። ሳተላይት ልምላሜን የሚለካው ቅጠል የሚውጠውንና መልሶ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን በማነጻጸር ነው። በአዋሽ ሸለቆ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ሥሩ ጥልቅ በመሆኑ በበጋም አረንጓዴ ነው። ቅጠሉን ግን ከብት እምብዛም አይቀምሰውም፤ በበቀለበትም ሥፍራ ሣር አያስበቅልም። እንግዲህ ካርታው «ለምለም» ያለው ቦታ ለአርብቶ አደሩ መንጋውን የሚያሳጣው ቦታ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ዓመታት በዚያው በአፋር በተካሄደ ሥራ ነዋሪዎቹ የግጦሽ ወሰናቸውን ራሳቸው አመልክተው፣ የሳተላይቱ የልምላሜ ልኬት በዚያ ላይ ተደርቦ እንዲደርሳቸው መደረጉ ትክክለኛ አካሄድ ነው። ሳተላይቱ የዛሬውን ዝናብ ውጤት ያውቃል፤ የትኛው ግጦሽ የማን እንደ ሆነና በየትኛው ወር እንደሚከፈት የሚያውቀው ሽማግሌው ነው።

በሰፈራ ረገድ ጉዳዩ ከዚህም የከበደ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር መደረጉ ይታወቃል። በመተከል፣ በፓዌ አካባቢ፣ ጠፍ ነው ተብሎ ከተያዘው መሬት ብዙው የጉሙዝ ሕዝብ ጥቂት ዓመት አርሶ ለብዙ ዓመት የሚያሳርፈው ማሳ፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት ጫካ ነበር። ያረፈ ማሳ ከላይ ሲታይ ከጠፍ መሬት አይለይም። የዚያ ስህተት ዋጋ በነባሩ ነዋሪ መፈናቀልና በሰፋሪውና በነባሩ መካከል በተፈጠረ ጠብ ተከፍሏል።

ይህን ለመከላከል አዲሱ ዘዴ ራሱ ይረዳል። የላንድሳት ክምችት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይገኛል። ለሰፈራ የታሰበን ሥፍራ የአሥር፣ የሃያና የሠላሳ ዓመት ሥዕሎች ጎን ለጎን ዘርግቶ የተመለከተ ሠራተኛ፣ ማሳው ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ያየዋል። መቃብሩንና የንብ ቀፎውን ግን ከሥዕል አያገኝም። እነዚያን ሄዶ መጠየቅ አለበት፤ ለዚህም ሥራ አንድ ቀን አይበቃም።

የጣሪያ ቆጠራም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በኮምፒዩተር ከሳተላይት ሥዕል ተለቅመው እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆኑት የአፍሪካ ሕንፃዎች 516 ሚሊዮን ናቸው። ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ በቀላሉ ይያዛል፤ የሣርና የጭቃ ጎጆ ግን ከመሬቱ ቀለም ጋር ይመሳሰላልና ሊታለፍ ይችላል። ከቆጠራው ሊወጣ የሚችለው እንግዲህ ይበልጥ የተቸገረው ነው።

ወደ ገጠር የሚወጡ ባልደረቦች የእጅ ስልክ ያለ ኔትወርክም ሥፍራን እንደሚለካ ሊያውቁ ይገባል፤ ከሳተላይት ምልክት ይቀበላል እንጂ አይልክምና። ካርታው ግን ከመነሣት በፊት ተጭኖ መያዝ አለበት። የተፈናቃዮች መጠለያ ያለበት ነጥብ ደግሞ ጸጥታ በሌለበት አካባቢ ለማንም የሚታደል ወረቀት አይደለም።

ከእህል ማደያ ጣቢያ በሚላከው ቅጽ ላይ ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ቁጥር ጎን የቦታው ስም ነዋሪው በሚጠራበት አጠራር፣ መንገዱ በክረምት የጭነት መኪና ያስኬድ እንደ ሆነና ነጥቡ የተወሰደበት ቀን ይጻፍ። ቀኑ ካልተጻፈ ከሦስት ወር በፊት ሰዉ ጥሎት የሄደ መንደር በመዝገብ ላይ እንደ ሞላ ይቆያል፤ እህሉም ወደዚያው ይጫናል።