የሻጋታን ኢንዛይም አስሮ ስለ ማሠራት



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ስለ አንድ ትንሽ ነገር እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ትንሽ ማለቴም በዓይን ስለማይታይ እንጂ ጥቅሙ ስለሚያንስ አይደለም።

ለገና ዕረፍት ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሳለ ከአንድ የጨርቅ ፋብሪካ በታች የሚወርድ ወንዝ አየሁ። ውኃው ሰማያዊ ነበር። ከብት የሚያጠጣውን ልጅ «ምነው ውኃው እንዲህ ሆነ?» ብዬ ብጠይቀው፤ «ዛሬ ሰማያዊ ነው፤ ትናንት ቀይ ነበር» አለኝ። እርሱ ነገሩን ለምዶታል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

የጨርቅ ቀለም በእጥበት እንዳይለቅ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ፤ በውኃ ውስጥ ያሉ ተራ ባክቴሪያዎች በቀላሉ አያፈርሱትም። ይሁን እንጂ ሊያፈርሱት የሚችሉ ኢንዛይሞች አሉ። ኢንዛይም ምንድን ነው ቢሉ፤ የኬሚካልን ሥራ የሚያፋጥን፤ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ፕሮቲን ነው። በቤታችን ጠጅ ሲጣል እርሾ የማሩን ስኳር ወደ አልኮል የሚለውጠው በኢንዛይሞቹ ነው፤ እርሾም የፈንገስ ወገን ነው። እንደዚሁም በሞተ እንጨት ላይ የሚበቅል ትራሜቴስ ቬርሲኮሎር የሚባል ፈንገስ ላኬዝ የተባለ ኢንዛይም አለው። ላኬዝ ከቀለሙ ኤሌክትሮን እየወሰደ ለኦክሲጅን ይሰጣል፤ ቀለሙ ይለወጣል፤ ኦክሲጅኑም ውኃ ይሆናል።

እንግዲህ ችግሩ የት ላይ ነው? ኢንዛይሙን በውኃው ውስጥ ብንበትነው ከውኃው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ዋጋውም ውድ ነው። እስቲ ወፍጮን እናስብ፤ ድንጋዩ ባለበት ይቆማል፤ እህሉ ይገባል፤ ዱቄቱ ይወጣል። ድንጋዩን ከዱቄቱ ጋር በጆንያ ሞልቶ የሚሸኝ ባለ ወፍጮ የለም። ኢንዛይምን ማሰር ማለትም ድንጋዩን በቦታው ማቆም ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ኔልሰንና ግሪፊን የተባሉ ኬሚስቶች፤ ከእርሾ የተገኘ ኢንቨርቴዝ በከሰል ላይ ተጣብቆም ስኳርን መሰንጠቁን እንዳልተወ አሳዩ። በ1969 ደግሞ በጃፓን አገር ኢቺሮ ቺባታና ባልደረቦቹ በታናቤ ኩባንያ፤ አስፐርጊለስ ኦሪዜ ከተባለ ሻጋታ የተገኘ ኢንዛይም በዓምድ ውስጥ አስረው አሚኖ አሲድ በፋብሪካ ማምረት ጀመሩ። ወጪውም ኢንዛይሙ ሳይታሰር ይወጣ ከነበረው ወደ 60 በመቶ ገደማ ወረደ።

የማሰሪያው ዘዴ ብዙ ነው። ለምሳሌ ኢንዛይሙን ከባሕር አረም ከሚገኝ አልጂኔት ጋር ደባልቀው ካልሲየም ክሎራይድ ባለበት ውኃ ውስጥ ጠብ ጠብ ቢያደርጉት፤ ኢንዛይሙን በሆዱ የያዘ ትንንሽ እንክብል ይሆናል።

ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባኛል። ቀለሙ ወደ እንክብሉ ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ስለሚፈጅ ሥራው ይዘገያል። ደግሞም ላኬዝ በጥቂቱ አሲድነት ያለው ውኃ ይስማማዋል፤ ከማቅለሚያው የሚወጣው ውኃ ግን ብዙ ጊዜ ጨውና አልካሊ የበዛበት ነው። ከሁሉም በላይ ቀለሙ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ከቀለሙ መፍረስ የሚገኘው ነገር ከቀለሙ የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ውኃው ጠርቶ ብናይ ሥራው አለቀ ብለን እጃችንን ብናጣጥፍ ያንን ልጅ እናታልለዋለን። ሰማያዊውን ውኃ ቢያንስ ዓይኑ ያውቀዋል፤ ከጠራ መርዝ ግን ማን ያስጠነቅቀዋል?

ውድ ጓደኞቼ፤ እኛ ዘንድሮ ከዚህ ግቢ የምንወጣ ነን። ከመካከላችን ኬሚስት የሚሆን ቢኖር ኢንዛይምን ማሰር ብቻ ሳይሆን፤ የወጣውን ውኃ መመርመርም አብሮ ይማር። ፋብሪካ የሚያስተዳድር ቢኖር ደግሞ ውኃውን የማጣራት ወጪ እንደ ጥጡና እንደ ቀለሙ ዋጋ ሁሉ የጨርቁ ዋጋ መሆኑን አይርሳ።