ልጆቻችንን በመዝገበ ቃላት መጠቀም ስለ ማስተማር
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



የእድር ሥራ ድንኳን መትከልና ለቅሶ መድረስ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሞተውን በክብር እንቀብራለን፤ በሕይወት ላለው ደግሞ እንመካከራለን። ዛሬ የምንመካከርበትም ልጆቻችን በመዝገበ ቃላት መጠቀምን እንዲለምዱ ስለ ማድረግ ነው።

«ይህ የአስተማሪ ሥራ ነው፤ እድርን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ታዲያ የፍርድ ቤት መጥሪያ ወይም የመድኃኒት ወረቀት ሲመጣ በብዙዎቻችን ቤት የሚያነበው ማን ነው? ልጅ አይደለም እንዴ? ልጁ ፊደሉን አንብቦ ቃሉን በግምት ከፈታው ጉዳቱ የቤተሰቡ ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። በእድር ደንብ ውስጥ «ተጧሪ ወላጅ» የሚል ቃል ይገኛል። ልጁ «ተጧሪ»ን በ«ተ» ሥር ፈልጎ ቢያጣው «የለም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከግሡ፣ ከ«ጦረ» ሥር ነው። እዚያ ሲደርስ ጧሪ፣ ተጧሪ፣ ጡረታ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ያያል። ጧሪ የሚረዳው ነው፤ ተጧሪ የሚረዳው ሰው የሚመግበው ነው። ሁለቱ ከተምታቱ ለአባሉ የሚገባው እርዳታ ሳይጠየቅ ይቀራል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለን የምንመርቀውም ቃል ያው ነው።

እንግዲህ ለልጆቻችን የምናስለምደው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የፊደሉን ተራ ማወቅ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) በአበገደ ተራ የሄዱ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያወጣው ግን በሀለሐመ ነው። ልጁ አስቀድሞ ተራውን ይይ።

ሁለተኛ፣ በ«ሰ» ያጣውን በ«ሠ»፣ በ«አ» ያጣውን በ«ዐ» ይፈልግ።

ሦስተኛ፣ ቃሉን እስከ ግሡ ይግፈፈው።

አራተኛ፣ የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ አንብቦ አይሩጥ። «ዋና» የውሃም ዋና ነው፣ የሹምም ዋና ነው። ለአረፍተ ነገሩ የሚስማማውን ይምረጥ።

በአሶሳ ደግሞ ጉዳዩ ሰፋ ይላል። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሰፈራ የመጣውም ቤተሰብ አብሮ የሚኖርበት አገር ነው። የበርታ ልጅ የእናቱን ቋንቋ በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግእዝ ፊደል ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የበርታ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በአንድነት ታትሟል። ይህ መጽሐፍ ለበርታው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ጎረቤቱን በቋንቋው ለማጽናናት ለሚሻ ሁሉ ነው።

ማንበብ የማንችል ወላጆችም ከዚህ ሥራ አንቀርም። ልጁን «እስቲ መጀመሪያ ምን ይመስልሃል?» እንበለው፤ ከዚያ ፈልጎ ያንብብልን። እኛ የምናውቀው የአገር ቃል ከመጽሐፉ ከታጣ በደብተሩ ይጻፈው። መዝገበ ቃላትም የተሠራው እንዲሁ በመቀባበል ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን ሥራ ታትሞ ሳያዩት ቢያርፉ፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ሥራም ጧሪ ይፈልጋል ማለት ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ድስቱንና አግዳሚውን በጋራ እንደ ገዛን፣ ከመዋጯችን ቀንሰን አንድ የአማርኛና አንድ የበርታ መዝገበ ቃላት እንግዛ። በእድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጡ፤ እንደ ማንኛውም ንብረት በፊርማ ይውጡ፣ በፊርማ ይግቡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን ያሳዩአቸው። ውሳኔው የጉባኤው ነው።

ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን።