ሌባው ቁልፉን አልሰበረም
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እህታችን የቁጠባ ገንዘቧ በስልክ እንደተወሰደባት ስትነግረን፣ ብዙዎቻችን «የስልክ ገንዘብ አይታመንም፤ ወደ ሣጥናችን እንመለስ» አልን። እኔም እንዲያ ካሉት አንዷ ነበርኩ። ነገሩን ሳጣራ ግን ሌላ ነገር ገባኝ።

ከስልክ ወደ ባንክ የሚሄድ መልእክት በምስጢር ቁልፍ ይቆለፋል። በብዛት የሚሠራበት ቁልፍ 128 ወይም 256 ቢት ነው፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 ነው። የ128ቱን ቁልፍ አንድ በአንድ እየሞከረ ሊያገኝ የተነሳ ሌባ፣ ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ያህል ሙከራ ይጠብቀዋል።

«ፈጣን ኮምፒውተር ቢኖረውስ?» ትሉ ይሆናል። ፍጥነት ብቻ አይበቃውም፤ ኃይልም ይፈልጋል። ሮልፍ ላንዳወር የተባለ የአይቢኤም የፊዚክስ ሊቅ በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ኮምፒውተር አንድ ቢት በደመሰሰ ቁጥር ከተወሰነ መጠን ያላነሰ ሙቀት ያወጣል። መጠኑ ኢምንት ነው። ሆኖም በየሙከራው አንድ ቢት ብቻ ይደመሰሳል ብንል እንኳ፣ ሁሉንም ለመጨረስ ወደ 270 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዓመት እንዲያመነጭ የታቀደው 15.7 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ፣ ይህ የ17 ዓመት ምርቱ ነው። የዛሬ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከዚህ ወሰን ብዙ እጥፍ ይፈጃሉ። ለ256ቱ ቁልፍማ ፀሐይ በዕድሜዋ ሙሉ የምትሰጠው ኃይልም አይበቃም።

ታዲያ የእህታችን ገንዘብ እንዴት ወጣ? ደውለው «ከባንክ ነን፤ በመልእክት የደረሰሽን ቁጥር ንገሪን» አሏት፤ አምና ነገረቻቸው። ሌባው ቁልፉን አልሰበረም፤ ጠይቆ ተቀበለ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንያዝ። የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም፣ ከባንክ ነኝ ላለም ቢሆን፣ አንንገር። ባለ 4 አሃዝ የሚስጥር ቁጥር ያለው አማራጭ 10,000 ብቻ ነውና የትውልድ ዓመታችንን ወይም 1234ን አናድርገው። ደዋዩን ከተጠራጠርን ስልኩን ዘግተን ራሳችን ወደ ባንካችን እንደውል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራልና።

እህታችንንም አንውቀሳት። አፍራ ዝም ብትል ኖሮ ነገ ተረኛዋ ከእኛ አንዷ ነበረች። ደጋፊዎቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን ይህን በቃል የምናስተምርበት ሥልጠና አግዙን።