ሚያዝያ 27፦ አንድ ቀን፣ ሁለት ታሪክ

(የአርበኞች የድል ቀንን ምክንያት በማድረግ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)

 

ወያላው በየቀኑ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ ይጠራናል። እኛም ወርደን ሐውልቱን ዞረን ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። የአደባባዩ ስም ግን ሚያዝያ 27 ነው። ሽቅብ ስድስት ኪሎ ስትደርሱ ደግሞ የካቲት 12 ይላችኋል። ልብ በሉ፣ ወሩና ቀኑ አለ፤ ዓመተ ምሕረቱ የለም። በእኛ አገር ቀን ሄዶ አይቀርም፣ ይመለሳል። ክርስቲያኑ በየወሩ በ21 ማርያምን፣ በ23 ጊዮርጊስን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን እንደሚያስብ ሁሉ፣ የአገርም ቀን በዞረ ቁጥር የሆነውን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል።

ታዲያ ሚያዝያ 27 ምን ተሸክሞ ነው የሚመጣው? አብዛኞቻችን «ድል!» ብለን እንመልሳለን። ልክ ነው። ግን ግማሹ ነው። ሚያዝያ 27 ሁለት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሚያከብር ሰው አንዱንም በደንብ አላወቀም።

▪️ የመጀመሪያው፦ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.

መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ተሸነፍን። የመርዝ ጋዝ ከአየር የወረደበት ሠራዊት ተበተነ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ለጋ ወጣቶች ጣርማ በር ላይ የጠላትን መንገድ ለመዝጋት ሞክረው ነበር፤ ግን ያንን ሁሉ መድፍና አውሮፕላን በምን አቅማቸው ያቁሙት?

አሁን የምናገረው ደስ አይልም፣ ግን መባል አለበት። ከሚያዝያ 24 በኋላ አዲስ አበባ ባለቤት አጣች። ጠላት ገና መንገድ ላይ እያለ በገዛ እጃችን ሱቅ ተሰበረ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ለጦርነት የተሰጠ ጥይት በከተማው ውስጥ ወገን በወገን ላይ ተተኮሰ። ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ከሰዓት በኋላ ከደሴ መጥቶ ሲገባ የጠበቀው የሚጨስ ከተማ ነው። ሊያጠፋን የመጣ ፋሺስት «ሥርዓት ላስከብር መጣሁ» ለማለት በቃ። ያንን ምክንያት ማን ሰጠው? እኛ ነን የሰጠነው።

በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ «ጦርነቱ አለቀ» ብሎ ለዓለም አወጀ። ግንቦት 1 ደግሞ የኢጣልያን ንጉሥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» አስባለ። ሰኔ 23 ንጉሠ ነገሥታችን ጄኔቭ ቆመው አቤት አሉ፤ የመንግሥታት ማኅበር ግን በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ብዙ አልቆየም። ለዓለም ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነበር።

▪️ ሁለተኛው፦ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.

ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ገቡ። የተቀበሏቸው ራስ አበበ አረጋይና አምስት ዓመት ሙሉ ከሸዋ ምድር ያልተነቀሉት አርበኞቻቸው ናቸው። በዚያ ቀን ንጉሡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አደራ አሉ። ከአምስት ዓመት በፊት በራሷ ልጆች እጅ የተቃጠለችው ከተማ ያን ቀን አደራ ተቀበለች።

ያቺ ቀን ሁሉን ነገር አልጨረሰችም። ጎንደር ላይ የመሸገው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከእንግሊዝ ጋርም ስለ ሉዓላዊነታችን ገና ረጅም ክርክር ነበረብን። ግን የሙሶሊኒ «አለቀ» ውሸት መሆኑ በዚያው በራሱ ቀን ታየ።

▪️ በሁለቱ መሐል

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ሚያዝያ 27 አምስት ዓመት አለ። እኛ ዛሬ ስናነበው መጨረሻውን እናውቀዋለን። እነሱ አያውቁትም ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 1928፦ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለፋሺስት እንዳይገዛ ገዝተው አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ነፃነቱን አላዩም።

በዚያው ክረምት ነቀምት ላይ የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ መኮንኖች «ጥቁር አንበሳ» የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ወጣቶች፣ ይህን ልብ በሉልኝ፦ አገሩ ፈርሶ፣ መንግሥት ተሰዶ፣ ጫካ ውስጥ ሆነው መጀመሪያ የጻፉት የራሳቸውን መተዳደሪያ ሕግ ነው። ወታደሩ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ምርኮኛ በሰብዓዊነት እንዲያዝ ብለው ጻፉ። ከራስ እምሩ ጋር ተዋግተው ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጅ ሰጡ። ከየካቲት 12 በኋላ ብዙዎቹ ተረሸኑ። እነሱም ነፃነቱን አላዩም።

የካቲት 12 ቀን 1929፦ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። በተከታዮቹ ሦስት ቀናት የአዲስ አበባ ሕዝብ በአካፋ፣ በእሳት፣ በጥይት ተጨፈጨፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያስመዘገበው ቁጥር 30,000 ነው። ግንቦት 13 ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነ።

ይህ ሁሉ ሆኖም በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ፣ አሞራው ውብነህ በጌምድር ላይ፣ ገረሱ ዱኪ በሸዋና በደቡብ ምዕራብ አልተበገሩም። ጃገማ ኬሎ ዱር ሲገባ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ድሉ ሲመጣ 20 ዓመቱ! እስቲ ዕድሜያችሁን አስሉት።

▪️ ስለ ቀኑ ክርክር

አንዳንዶቻችሁ «የድል ቀን መጋቢት 28 አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እውነት አላችሁ፣ አዲስ አበባ ከፋሺስት የተለቀቀችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። ይሄም የሚገርም ቀን ነው። በእንግሊዝ አዛዦች ሥር የነበረው ጦር አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ቀን፣ ጥር 12 በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ባንዲራ የሰቀሉት ንጉሠ ነገሥት ደብረ ማርቆስ ገቡ። እንግሊዞች በከተማው ስላሉት ኢጣልያውያን ደኅንነት ሰግተናል ብለው የንጉሡን ወደ አዲስ አበባ መግባት አዘገዩት። ደርግ የንጉሡን ስም ከበዓሉ ለማራቅ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

እኔ ክርክሩን አልንቀውም። ነገር ግን መጋቢት 28 የድል ቀን ብቻ ነው። ሚያዝያ 27 የሽንፈትም የድልም ቀን ነው። እንዴት እንደወደቅንና እንዴት እንደተነሣን በአንድ ቀን የሚነግረን እሱ ነው። ለዚህ ነው እኔ ሚያዝያ 27ን የምመርጠው። በዓሉም የንጉሥ መግቢያ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይብን፤ በእንጦጦ ቆሞ የተቀበለው አርበኛ ባይኖር መግቢያውም ባዶ ነበር።

▪️ እና እኛስ?

አንድ ነገር ተናግሬ ልጨርስ። በየኮሜንቱ ሥር አንዳችን ሌላችንን «ባንዳ» ማለት ልማድ አድርገነዋል። በሐሳብ ያልተስማማን ሁሉ ባንዳ ነው። ለመሆኑ ቃሉ ስንት ደም እንዳለበት እናውቃለን? ባንዳ ማለት ከፋሺስት ደሞዝ እየበላ ወገኑን የወጋ ማለት ነው።

ደግሞም በዚያ ዘመን የውስጥ አርበኛ የሚባሉ ነበሩ። በጠላት መሐል እየኖሩ ለዱሩ አርበኛ መረጃ፣ ጥይት፣ መድኃኒት ያሾልካሉ። ሸዋረገድ ገድሌ አንዷ ናቸው፤ ተይዘው ኢጣልያ ውስጥ አሲናራ ደሴት ድረስ ታስረዋል። ከውጭ ላያቸው ሰው ግን የውስጥ አርበኛና ባንዳ አንድ ሊመስሉ ይችሉ ነበር። ያኔ ፌስቡክ ቢኖር ኖሮ ስንቱን የውስጥ አርበኛ በአንድ ፖስት እንገድል ነበር?

የመጀመሪያው ሚያዝያ 27 የሚያስተምረን ይህንን ነው። በ1928 ጠላት በር ላይ ቆሞ ሳለ እርስ በርስ ተኮስን፤ ከተማችንን አቃጥለን አስረከብናት። የሁለተኛው ሚያዝያ 27 ሰዎች ቋንቋቸውም፣ ሃይማኖታቸውም፣ ስለ ንጉሡ ያላቸው አስተያየትም አንድ አልነበረም። ተጣልተውም ያውቃሉ። ጥይቱን ግን ለጠላት አስቀመጡት።

ስለዚህ ዘንድሮ ሚያዝያ 27 ላይ አርበኛ አያት፣ ቅድመ አያት ያለህ ስሙን ጻፍ፣ የተዋጋበትንም አገር ጻፍ። በሕይወት ያሉትን አባት እናት አርበኞች አራት ኪሎ ሄደሽ እጃቸውን ሳሚ። «አገር አለቀላት» የሚል ሰው ስትሰሙ ደግሞ አትደንግጡ። ይሄን ቃል ሙሶሊኒም በሚያዝያ 27 ብሎት ነበር።

ክብር ለአርበኞቻችን!
ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!